ያረጀ የሱቅ ሕንጻ መልኩን ሳያጣ እንዴት ይታደሳል?

ወራሽ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከወላጆቻችን ለእኔና ለሁለት እህቶቼ የተላለፈ ባለ አንድ ፎቅ የንግድ ሕንጻ አለን። ዕድሜው ከሰማንያ ዓመት ያልፋል። ግድግዳው ሸክሙን ራሱ የሚሸከም የጡብ ግንብ ነው፤ የፎቁ ወለልና ጣሪያው በእንጨት ወራጆች ላይ ያረፉ ናቸው። ምድር ቤቱ አራት ሱቆች አሉት፤ ፎቁ ለረጅም ጊዜ መጋዘን ሆኖ ኖሯል። የመጀመሪያው የእንጨት ፊት የቀረው በአንዱ ሱቅ ብቻ ነው። የሦስቱ ፊት በተለያየ ጊዜ በቆርቆሮና በትልልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ስለተሸፈነ ከሥሩ ምን እንዳለ እኛም አናውቅም።

አሁን ከተሸፈኑት ሁለቱን ሱቆች አንድ ላይ ሊከራይ የፈለገ ነጋዴ መጥቷል። የሚጠይቀው ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ መስታወት በአሉሚኒየም፣ ዝቅ ያለ አዲስ ኮርኒስ፣ በመካከል ያለው ግድግዳ እንዲፈርስና መግቢያው ላይ ያለው ደረጃ እንዲወገድ ነው። ያነጋገርነው ሥራ ተቋራጭ በበኩሉ የጡቡን ጥቁረት በአሸዋ ግፊት አስለቅቆ፣ በጡቦቹ መካከል ያለውን የላላ መጋጠሚያ በሲሚንቶ ሞልቶ፣ በመጨረሻም ሙሉውን በልስን ለመልበጥ ሐሳብ አቅርቧል። እህቶቼ ደግሞ ሥራው ከተጀመረ አይቀር አንድ ፎቅ እንጨምርበት ይላሉ።

ኪራይ የማያስገባን ቤት ማንም እንደማይጠግነው ስለማውቅ ለውጥን አልቃወምም። ይሁን እንጂ «የሕንጻውን መልክ ጠብቁ» የሚሉን ሰዎች መልክ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው «የድሮውን» ከማለት ያለፈ መልስ አላገኘሁም። መልክ የሚባለው በትክክል የቱ ነው? ከተዘረዘሩት ሥራዎች የትኛው ይፈቀዳል፣ የትኛውስ ከተሠራ በኋላ ወደ ኋላ አይመለስም?

የንድፍ ባለሙያ፦

ጥያቄዎ በደንብ የተጠየቀ ነው፤ በተለይ የመጨረሻው። ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቀለምና ስለ ጌጥ ይከራከራሉ፤ የሕንጻው መልክ ግን በይበልጥ ያለው ሳይታሰብ በሚለወጡት ነገሮች ላይ ነው፦ በክፍተቶቹ መጠንና አሰላለፍ፣ በጥልቀታቸውና ግንቡ በተሠራበት ነገር።

ማለዳ ላይ ከመንገዱ ማዶ ይቁሙና ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ሕንጻውን ይመልከቱት። ዝርዝሩ ይጠፋና ጨለማና ብርሃን ብቻ ይቀራሉ። በዚያን ጊዜ የሚያዩት፣ ማለትም የፎቁ መስኮቶች ስንት በስንት ተራርቀው እንደቆሙ፣ በሱቆቹ መካከል ያሉት ምሰሶዎች ከላይ ካለው ግንብ ጋር እንዴት እንደሚገናኙ፣ የጣሪያው ጠርዝ ላይ ያለው ወጣ ያለ ክፈፍ ምን ያህል ጥላ እንደሚጥል፣ የሕንጻው አጥንት ነው። ቀጥሎ እጅዎ እስኪነካው ድረስ ይቅረቡ፤ የጡቡን አሠራር፣ የመጋጠሚያውን ስፋት፣ የእንጨቱን ቅርጽ ይመልከቱ። በመጨረሻም ወደ ውስጥ ይግቡ፤ የክፍሉ ከፍታ፣ የወለሉ ንጣፍ፣ ደረጃው፣ ብርሃን የሚገባበት አቅጣጫ የመልኩ አካል ናቸው። በዚህ በሦስተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሰንፋል፤ ፊቱ ተጠብቆ ውስጡ ተቦርቡሮ ወጥቶ የቀረ ሕንጻ በእኔ እምነት የተረፈው ጭምብሉ ብቻ ነው።

የቀድሞ የሱቅ ፊት በአብዛኛው አንድ ዓይነት አደረጃጀት አለው። ከታች፣ ከእግርና ከጭቃ የሚከላከል ከጉልበት በታች የሆነ የእንጨት ወይም የድንጋይ መደብ ይገኛል። በእሱ ላይ የዕቃ ማሳያው መስታወት ይቆማል፤ በሩ ከመስታወቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይሠራል፤ ከመስታወቱ በላይ ረጅም ጠባብ መስኮት ይኖራል፤ ከዚያ በላይ የሱቁ ስም የሚጻፍበት ጠፍጣፋ መደዳ ይመጣል። አንዳቸውም ለጌጥ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። ገባ ያለው በር ገዢውን ከዝናብ ያስጠልላል፤ ለዕቃው ሦስት ማሳያ ፊት ይሰጠዋል፤ ተከፍቶ መንገደኛውን አይመታም። የላይኛው ጠባብ መስኮት የኤሌክትሪክ መብራት ውድና ደካማ በነበረበት ዘመን ብርሃንን ወደ ጥልቁ የሱቁ ክፍል ያደርስ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ለዚሁ ሥራ ብርሃንን አጉብጦ ወደ ውስጥ የሚወረውር ባለ ጥርስ መስታወት እስከ መሠራት ተደርሷል። ከወለል እስከ ኮርኒስ አንድ ወጥ መስታወት ሲገባ የሚጠፋው ይህ አደረጃጀት በሙሉ ነው።

ስለዚህ ከማንኛውም ነገር በፊት የተሸፈኑትን ሦስት ፊቶች ይመርምሩ። ሁሉንም አያፍርሱ፤ ጥግ ላይ አንድ ሰሌዳ በጥንቃቄ ይንቀሉና ፎቶ ያንሱ፣ ይለኩ። ብዙ ጊዜ ሸፋኞች የድሮውን ለመንቀል ስለሚሰንፉ በላዩ ላይ ምስማር መትተው ይሄዳሉ፤ ለእርስዎ ያ ስንፍና በረከት ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ምንም ካልተገኘ ደግሞ የቀረውን አራተኛውን ፊት ገልብጦ በሦስቱ ላይ መድገም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ስለ ታሪካዊ ሕንጻዎች አጠባበቅ በ1964 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ዓለም አቀፍ የቬኒስ ቻርተር ሕንጻን ወደ ቀድሞ መልኩ የመመለስ ሥራ ግምት በሚጀምርበት ቦታ ላይ መቆም እንዳለበት በ9ኛው አንቀጹ ይደነግጋል። አራቱም አንድ ዓይነት እንደነበሩ የሚያስረዳ ፎቶ ወይም የምስማር ቀዳዳ ምልክት ካለ ይድገሙት፤ ከሌለ መጠኑንና አደረጃጀቱን የተከተለ ነገር ግን የዛሬ ሥራ መሆኑ የሚታወቅ ቀላል ፊት ይሥሩ። ያልነበረ ጌጥ ፈጥሮ መለጠፍ ከአሉሚኒየሙ የባሰ ውሸት ነው።

ግንበኛ፦

ከላይ ስለ መስታወቱ የተባለው ጥሩ ነው፤ ሆኖም እኔን ያስደነገጠኝ የሥራ ተቋራጩ ሐሳብ ነው። መስታወት በስህተት ቢገባ ነገ ይወጣል። በአሸዋ የተገፈፈ ጡብ ግን መልሶ ቆዳ አያወጣም።

ጡብ በእሳት ሲጠበስ ውጫዊው ንጣፍ ከውስጡ ይልቅ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ይሆናል። አሸዋ በግፊት ሲመታው ይህ ቆዳ ተገፎ ይሄድና ልሙና ውሃ የሚጠጣው ውስጡ ይገለጣል፤ የጠርዞቹም ቅርጽ ይጠፋል። ለጥቂት ወራት አዲስ ይመስላል፤ ከዚያ ከበፊቱ በባሰ ሁኔታ ይቆሽሻል፣ ይፈረፈራልም። ጥቁረቱ የሚያሳስብ ከሆነ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ውሃና ለስላሳ ብሩሽ በማይታይ ጥግ ላይ አንድ ካሬ ሜትር ሞክረው ቆይተው ይዩት። የሽቦ ብሩሽ አይጠቀሙ፤ የሚሰባበረው የብረት ቅንጣት ጡቡ ውስጥ ቀርቶ ይዝጋል። ጥቁረቱ በሙሉ ካልለቀቀም ይተዉት፤ ሰማንያ ዓመት የቆየ ግንብ የሰማንያ ዓመት መልክ ቢኖረው ነውር የለውም።

ወደ ሲሚንቶው ልምጣ። ፖርትላንድ ሲሚንቶ፣ ማለትም ዛሬ የተለመደው ሲሚንቶ፣ የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1824 እ.ኤ.አ. ቢሆንም የድሮ ግንበኞች ለረጅም ጊዜ የገነቡት በኖራ ነው፤ የእርስዎም ግንብ በኖራ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ለማወቅ ከመጋጠሚያው ጥቂት ፈልቅቀው በጣትዎ ይሹት፤ ነጣ ብሎ በቀላሉ ከተፈረፈረ ኖራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በኖራ ግንብ ውስጥ መጋጠሚያው ከጡቡ የላላ ሆኖ የሚሠራው ሆን ተብሎ ነው። ግንቡ በሙቀትና በእርጥበት ሲንቀሳቀስ መጋጠሚያው ይታዘዛል፤ የገባው ውሃም በመጋጠሚያው በኩል ተንኖ ይወጣል፤ የሚጎዳ ነገር ካለ መጋጠሚያው ይጎዳና ጡቡ ይድናል። ጠንካራ ሲሚንቶ ሲሞላበት ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ውሃው መውጫ ሲያጣ በጡቡ ፊት በኩል ይወጣል፤ አብሮት የመጣው ጨው ከቆዳው ሥር ይደርቅና ፊቱን ገፍቶ ይጥለዋል። ግንቡ ላይ መጋጠሚያው ብቻ እንደ መረብ ቆሞ ጡቦቹ ወደ ውስጥ የጎደጎዱበትን ቤት ያየ ሰው የምለው ይገባዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጠያቂው የእንጨት ወራጅ እንዳለ ተናግሯል። የወራጆቹ ጫፍ ግንቡ ውስጥ ተቀብሯል። ግንቡ በሲሚንቶ ልስን ታፍኖ እርጥበት ከያዘ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ያ የማይታየው ጫፍ ነው። ስለዚህ ልስኑ መልክ ከማጥፋቱም በላይ ፎቁን የሚያፈርስበት መንገድ አለ።

ከመሙላት በፊት የላላውን መጋጠሚያ በመሮ በእጅ ያስወጡ። ግራይንደር ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን የጡቡን ጠርዝ እየበላ መጋጠሚያውን ያሰፋዋል። 22 በ6.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጡብ ፊት በ1 ሴንቲ ሜትር መጋጠሚያ ሲገነባ ከግድግዳው ፊት 17 በመቶ ያህሉ መጋጠሚያ ነው፤ ስፋቱም ሆነ ቀለሙ ጥቂት ሲቀየር ሙሉው ግንብ ሌላ ግንብ የሚመስለው ለዚህ ነው። የሚወጣው ጥልቀት የመጋጠሚያው ስፋት ሁለት ወይም ሁለት ተኩል እጥፍ ይሁን። ከዚያ ግንቡን አርጥበው የበረደ ኖራና ከድሮው ጋር በቀለምና በመጠን የሚመሳሰል አሸዋ፣ ብዙ ጊዜ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ፣ በንብርብር ይሙሉ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር በሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመሆኑ ቶሎ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ለቀናት መሸፈን አለበት። ይህን የማይታገሥ ግንበኛ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

አከራይ፦

የሁለቱን ባለሙያዎች እውቀት አከብራለሁ፤ ግን የባለቤቱን ወገን የሚናገር ሰው እዚህ ያለ አይመስለኝም። እኔም እንዲህ ያለ ቤት ነበረኝ። የሰማሁትን ምክር ሁሉ ተከትዬ የሱቁን ፊት እንደ ዓይን ብሌን ስጠብቅ ሁለት ተከራዮች «ዕቃችን ከመንገድ አይታይም» ብለው ለቀቁ፤ ቤቱም ከዓመት በላይ ባዶ ቀረ። ባዶ ቤት ደግሞ የሚፈርሰው ሰው ካለበት ቤት ቀድሞ ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይ ሰው የለምና።

የንግድ ቤት ከቤተ መንግሥትና ከቤተ እምነት ይለያል። የተሠራው ለገበያ ነው፤ ገበያው ደግሞ በተለወጠ ቁጥር ፊቱም ሲለወጥ ኖሯል። አሁን «የመጀመሪያው» የምንለው የእንጨት ፊት ራሱ ከእሱ በፊት የነበረን ሌላ ፊት የተካ ላለመሆኑ ማን ዋስትና ይሰጣል? በሌላ አገር ያሉት ምሳሌዎችም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው፤ በቦስተን ያለው የኩዊንሲ ገበያ በ1976 እ.ኤ.አ.፣ በለንደን ያለው የኮቨንት ጋርደን ገበያ ሕንጻ በ1980 እ.ኤ.አ. እንደገና የተከፈቱት የጅምላ ገበያ ሆነው ሳይሆን የችርቻሮ ሱቅና የምግብ ቤት መደዳ ሆነው ነው። አገልግሎታቸው ባይቀየር ኖሮ መትረፋቸው ያጠራጥር ነበር።

የንድፍ ባለሙያ፦

ስለ ባዶ ቤት ባሉት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ምሳሌዎቹ ግን ለእኔም ይመሰክራሉ። በሁለቱም ቦታ የተቀየረው አገልግሎቱ ነው፤ ዓምዱ፣ ጣሪያውና የክፍተቶቹ አደረጃጀት ቀርቷል፤ ሰዎችም የሚሄዱት በአብዛኛው ለዚያ ነው። ስለ ቅርስ አጠባበቅ የወጣው የአውስትራሊያው የቡራ ቻርተር፣ መጀመሪያ በ1979 እ.ኤ.አ. የጸደቀው፣ የሚለው የሚያስፈልገውን ያህል ለውጡ፣ ከዚያ ግን በተቻለ መጠን ትንሽ ለውጡ ነው። የሁለታችንም ሐሳብ እዚያ ውስጥ ይገባል።

ስለ ቀደሙት ለውጦችም ያነሡት ነጥብ ትክክል ነው። በኋላ የገባ ነገር በራሱ ዘመን ጥሩ ሥራ ከሆነ የሕንጻው ታሪክ አካል ይሆናል፤ ወደ አንድ «መጀመሪያ» ለመመለስ ሲባል ሁሉንም መንቀል አይገባም። በዚህ ሕንጻ ላይ ያለው ቆርቆሮ ግን እንዲህ ያለ ማዕረግ የሚሰጠው አይመስለኝም።

«ከመንገድ አይታይም» ለሚለው አቤቱታ መፍትሔው ብዙ ጊዜ መስታወቱን ማስፋት አይደለም። በቅድሚያ በመስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሁሉ ማንሳት፣ ከመስታወቱ ጀርባ የተደረደረውን መደርደሪያ ዝቅ ማድረግ፣ ቀጥሎም ማሳያውን ከውስጥ በደንብ ማብራት ነው። ቀን ላይ መስታወት መስተዋት የሚሆነው ውስጡ ከውጭ ስለሚጨልም ነው፤ ሁለት እጥፍ ትልቅ መስታወት ቢገባም ውስጡ ከጨለመ ገዢው የሚያየው ራሱን ነው።

ወራሽ፦

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ልስኑንና የአሸዋውን ሥራ ዛሬውኑ አስቁሜያለሁ። ሦስት ነገር ቀርቶኛል። የመካከሉ ግድግዳ ይፈርሳል ወይ? ደረጃውን እንዴት እናስወግድ፣ ምክንያቱም ነጋዴው ያነሣው በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጡ ደንበኞች በመሆኑ ጥያቄው ትክክል ነው። ተጨማሪ ፎቅስ?

መሐንዲስ፦

ስለ ግድግዳውና ስለ ፎቁ እኔ ልመልስ። በሁለት ሱቆች መካከል ያለው ግድግዳ በእንዲህ ያለ ሕንጻ ውስጥ መከፋፈያ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። የወራጆቹን አቅጣጫ ይመልከቱ፤ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የተጋደሙ ከሆነ ፎቁ ያረፈው በእሱ ላይ ነው። ከዚህም ሌላ የሱቁ ፊት በመስታወት የተከፈተ ስለሆነ ምድር ቤቱ በፊት በኩል ግድግዳ የለውም ማለት ይቻላል፤ በመሬት መንቀጥቀጥም ሆነ በኃይለኛ ነፋስ ጊዜ ሕንጻውን ወደ ጎን እንዳይዘም የሚይዙት እነዚያ የመካከል ግድግዳዎችና በፊት በኩል ያሉት ምሰሶዎች ናቸው። ሁሉንም ማፍረስ አልመክርም። ሁለት ወይም ሦስት የበር ስፋት ያላቸው ክፍተቶችን በብረት ተሸካሚ ደግፎ መክፈት ግን ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ በየክፍተቱ መካከል የሚቀረው ግድግዳም ሁለቱ ሱቆች ቀድሞ ለየብቻ እንደነበሩ ያሳያል። በሱቆቹ ፊት መካከል ያለውን ምሰሶ ለመስታወት ስፋት ሲሉ እንዳይነኩት፤ ከእንጨት ሽፋኑ ሥር የብረት ዓምድ ሊኖርም ይችላል።

ፎቁን በሚመለከት፣ አስቀድሞ መሠረቱ ተቆፍሮ ይታይ። ሰማንያ ዓመት የተሸከመ መሠረት ተጨማሪውን ይሸከማል ብሎ መገመት አይቻልም። መሸከም ቢችል እንኳ አዲሱ ፎቅ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ቢያንስ ከአንዱ ዓምድ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት ያህል ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ ይገባል፤ ሸክሙም በቀድሞው ግንብ ላይ ሳይሆን በውስጥ በሚቆሙ አዲስ ዓምዶች ላይ ቢያርፍ ይሻላል። ይህም ከታች ያሉትን ሱቆች ያጣብባል። ለባለ አንድ ፎቅ ሕንጻ ሌላ አንድ ፎቅ ማለት ከቁመቱ ግማሽ ያህል መጨመር ስለሆነ መደበቁ ቀላል አይደለም። ለእህቶችዎ ለማሳየት በታሰበው ቦታና ቁመት ላይ እንጨት አቁማችሁ ጨርቅ ወጥሩና በመንገዱ ላይ እየተራመዳችሁ ከየት ከየት እንደሚታይ እዩት። ከሥዕል ይልቅ ጨርቁ ክርክር ያሳጥራል። እኔ ብሆን ግን መጀመሪያ መጋዘን ሆኖ የተቀመጠውን ፎቅ አከራይ ነበር።

የንድፍ ባለሙያ፦

በመጨረሻው ሐሳብ እስማማለሁ። ስለ ደረጃው የሚወስነው ቁመቱ ነው። በስፋት የሚሠራበት የመወጣጫ ቁልቁለት 1 ለ12 ነው፤ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላለው አንድ ደረጃ 1.8 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል ማለት ነው። በሩ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ከሆነ የዚያን ባዶ ቦታ ወለል በማዘንበል ከፊሉን፣ ከበሩ በኋላ የሱቁን ወለል በማስተካከል ቀሪውን ማግኘት ይቻላል፤ በበሩ ፊት ግን ወንበር የሚቆምበት ጠፍጣፋ ቦታ መቅረት አለበት። በእግረኛው መንገድ ላይ የሚወጣ የኮንክሪት ጉብታ አይሥሩ። ወለሉ የድሮ ንጣፍ ካለው ሳይሰበር በላዩ ላይ ተነሺ ወለል ያንጥፉ፤ ሌላ ተከራይ ሲመጣ ይነሣል።

ዝቅ ያለውን ኮርኒስ ነጋዴው የሚፈልገው ለሽቦና ለአየር ማስተላለፊያ ከሆነ ከመስታወቱ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ ይጀምር። ወደ ፊት መጥቶ የላይኛውን ጠባብ መስኮት ከቆረጠው ከውጭ የሚታየው የኮርኒሱ ጀርባና አቧራው ነው። የአየር ማቀዝቀዣው ሳጥን በጓሮ በኩል ይሁን።

ወራሽ፦

ዛሬ ጠዋት ከአንዱ ሱቅ ጥግ አንድ ቆርቆሮ ነቀልን። ከሥሩ የላይኛው ጠባብ መስኮት አለ፤ መስታወቱ በነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ከአምስቱ ክፍሎች ሁለቱ ተሰንጥቀዋል፤ እንጨቱ በታችኛው ጠርዝ በኩል በጣት ሲጫኑት ይገባል። ተቋራጩ «ሙሉውን አውጥተን አዲስ እናስገባ» ይላል።

ግንበኛ፦

አያስወጡ። ሥራው የአናጺ እንጂ የእኔ አይደለም፤ ቢሆንም አናጺው እስኪመጣ ድረስ ይህን ያድርጉ። ቆርቆሮው ከተነሣ በኋላ ዝናብ በቀጥታ ስለሚያገኘው ዛሬውኑ በላስቲክ ይሸፍኑት፤ ከታች ግን አየር የሚገባበት ክፍት ይተዉለት። የበሰበሰው የታችኛው ጠርዝ ብቻ ከሆነ አናጺው ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ቆርጦ በተመሳሳይ እንጨትና ቅርጽ ሊቀጥለው ይችላል። ቀለሙን ከመስታወቱ በምላጭ ከመፋቅዎ በፊት ግን በሌላኛው ፊት ጣትዎን ያሳርፉበት፤ ጥርስ ካለው ከላይ የተነገረው ዓይነት መስታወት ነው፤ ቀለም በሚያሟሟ ነገር በለስላሳ ጨርቅ ይጽዳ። ሜዳ ሆኖ ትንሽ የሚሞገድ ከሆነም ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት በነበረው ዘዴ የተሠራ ሊሆን ይችላልና ሦስቱን ጤነኛ ክፍሎች አብረው እንዳይጥሏቸው። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፋቅ፤ የተሰነጠቁትም አዲስ እስኪገኝ በቦታቸው ይቆዩ፣ ለመጠን ይፈለጋሉ።